የተቀያየመ አለ?

«ስለቷን አዘገየቻ! እመቤታችን ተቀይማት ነው ልጂቱን የወሰደችባት።»

ፈንታነሽ ይህን የሰማችው ጓዳ ተንበርክካ ከጠላው በርሜል ክዳን ላይ መጁን ስታወርድ ነው። ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ተናጋሪዋ አማቷ እማማ ብርነሽ ናቸው። ሰሚዋ የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ እትዬ ጌጤ ናቸው፤ ጽዋው ዛሬ እዚህ ቤት ስለሚጠጣ የጎደለ ነገር እንዳይኖር ለማየት በጠዋቱ መጥተዋል። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፤ እትዬ ጌጤ ግን አንዳንዴ ባሕር የከፈሉትም እሳቸው ይመስላቸዋል።

«ውይ በሞትኩት! እሷስ ታውቀዋለች?» አሉ እትዬ ጌጤ።

«የት ታውቀዋለች? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት እንጂ ምን ብዬ ልንገራት።»

ፈንታነሽ መጁን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች። መጁ እማማ ብርነሽ ሲዳሩ ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት የእህል መፍጫ ድንጋይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ሥራው የበርሜል ክዳን መጫን ብቻ ሆኗል። በሁለት እጅ ካልሆነ አይነሳም። የተሰማት ንዴት ነበር። ኀዘን አይደለም፤ ከኀዘኑ ጋር ከነሐሴ ጀምሮ አብረው ሲተኙ አብረው ሲነሱ ተላምደዋል። ንዴቱ ግን አዲስ ነው፤ ፊቷ ጋለ፣ ድንጋዩን መሬት ለማስቀመጥ እንኳ ጊዜ ወሰደባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈንታነሽ ሞገስን አግብታ ለብዙ ዓመት ልጅ አላገኘችም። ጣራ ገዳም ወጥታ ጸልያለች፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳለች፣ በመጨረሻም ለሰፈሯ ለማርያም ተሳለች፤ ልጅ ከሰጠሽኝ፣ ልጄ ክርስትና በሚነሳበት ቀን ጃንጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ አለች። ልብስ ሰፊ ናትና ጃንጥላውን ከሱቅ አላመጣችም፤ ቀዩን ከፋይ ራሷ ቆርጣ፣ የወርቁን ዘርፍ ሆዷ እየገፋ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ራሷ ሰፋችው። ልጅቷ በሰኔ ተወለደች። የቤት ስሟን ስጦታ አሏት። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያኔ ነው የክርስትና ስም የሚወጣላት፣ እናቷም ቤተ ክርስቲያን የምትገባው። ስጦታ ሰማንያዋን ሳታይ በፍልሰታ ጾም መሃል ታማ ሞተች። ላልተጠመቀ ልጅ ፍትሐት አይደረግም፤ አራስም ቀብር አትወጣም። ወንዶቹ በዝናብ ይዘዋት ሄዱ፣ ፈንታነሽ በመስኮት አየች። እንግዲህ ስለቱ የዘገየው ቀኑ ስላልመጣ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእማማ ብርነሽ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጃንጥላው አሁንም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቁምሳጥኑ ጥግ ቆሟል።

«ፈንታ! ጠላውን ቀመስሽው እንዴ?» አሉ እማማ ብርነሽ ከሳሎን፣ ቅድም የተናገረው ሌላ ሰው ይመስል።

ጠላው የእሳቸው ጥንስስ ነው። ፈንታነሽ በጣሳ ቀዳ አድርጋ ቀመሰች። ጌሾው ያለቅጥ በዝቶበታል፤ ምላስ ያስራል።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው እማማ፤ ተመስገን።»

በዚህ ከተማ እንዴት ነሽ ተብላ ደህና አይደለሁም ያለች ሴት ካለች እኔን አላጋጠመችኝም። ሐኪም ፊት ተቀምጣ እንኳ «ተመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ ጎኔን ሰቅዞ ይይዘኛል» ነው የምትለው። ፈንታነሽም እንደ አገሯ ናት። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም»፣ «ገና ልጅ ነሽ፤ ሌላ ይሰጥሻል» እያለ ሲሄድ እሷ «ተመስገን» እያለች ሸኘች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስለ ስጦታ አንድ ቃል አይነሳም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድና ስለ መብራት መጥፋት ያወራሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው እንደ ትልቅ ሣጥን መሃል ቤት ተቀምጦ ሁለቱም እንዳይነኩት እየተጠነቀቁ በጎኑ ያልፋሉ። እማማ ብርነሽ በየንጋቱ ከመጋረጃው ወዲያ ውዳሴ ማርያማቸውን ደግመው ሲጨርሱ የሁሉን ስም ይጠራሉ፤ የሞገስን፣ የሟች ባላቸውን፣ እብናት ያሉትን ዘመዶቻቸውን፣ የዘመዶቻቸውን የታመመች ላም ሳይቀር። ፈንታነሽ አልጋዋ ላይ ሆና ታዳምጣለች። የስጦታ ስም አንድ ቀን እንኳ ተጠርቶ አያውቅም።

የዛሬው ጭንቅ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የማኅበሩ ሥርዓት አንድ ጥያቄ አለው። ዳቦው ሳይቆረስ፣ የጽዋው መሸፈኛ ሳይነሳ፣ ሙሴዋ ተነስተው «እኅቶቼ፣ የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሴቶቹ በአንድ አፍ «የለም፤ በእመቤታችን ቸርነት ሰላም ነን» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጽዋው ይዞራል። ቂም ይዞ ለጠጣ ግን ጽዋው እሳት ይሆንበታል ይባላል። ጎረቤቷን የተቀየመች አንዲት ሴት ከጽዋው እንደተጎነጨች ጉሮሮዋ ተዘግቶ እንደቀረች እትዬ ጌጤ ሳይናገሩ የሚያልፉት ዓመት የለም። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የጠየቃቸው ሰው የለም። ፈንታነሽ በሌላ ጊዜ በዚህ ወሬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ዛሬ ግን ያ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ተቀይማት ነው። እሷ ተቀይማኝ ከሆነ እኔስ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱ ሳይጠራ መጣ። እኔም ተቀይሜያለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ በእመቤታችን ላይ ቂም ይዤ ነው የምውለው፣ ቂም ይዤ ነው የማድረው። እንግዲህ ወይ «የለም» ብላ ዋሽታ ጽዋውን ልትጠጣ ነው፣ ወይ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድግሷ አልጠጣም ብላ የባሏን ቤት ልታዋርድና ከማኅበሩ ልትወጣ። ሁለቱም አስፈራት።

ረፋድ ላይ ዳቦውን ለማምጣት ወጣች። ድፎው የተጋገረው ቁልቁለቱ ላይ ካለው ከብዙነሽ ቤት ነው፤ ብዙነሽ የማኅበሩ አባል ናት፣ ትልቁ ምጣድም የእሷ ነው። የጥቅምት ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ጥላ ያለበት ሣር ላይ ውርጩ እንደነጣ ነበር። ብዙነሽ ዳቦውን በጨርቅ እየጠቀለለች ስለ ስኳር አማረረች፤ አለ ሲሉ ይጠፋል፣ ጠፋ ሲሉ በእጥፍ ይመጣል። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ የፈንታነሽን ፊት አየች።

«ምን ሁነሽ ነው?»

«ተመስገን፤ ደህና ነኝ። አንቺስ?»

ብዙነሽ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ጨርቁን ሌላ ቋጠሮ ጨመረችበት።

«እኔም ተመስገን» አለች።

ፈንታነሽ በባጃጅ ተመለሰች። በማርያም በር ሲያልፉ ባለባጃጁ ቀስ አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ አማተበ። እሷ አላማተበችም። እጄ ተይዟል ብላ ለራሷ ነገረች፤ ዳቦውን ታቅፋ ነበርና። ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ልጅ ለቀበረች እናት አይነገራትም። እንባዋ መጣ፤ ባለባጃጁ በመስታወት እንዳያያት ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች።

ከቤቷ በር ስትደርስ ሞገስ ደወለ። እብናት እህል ሲገዛ ሰንብቷል፤ ለጽዋው እመጣለሁ ብሎ ነበር።

«መንገዱ ተዘግቷል፤ መኪና የለም። አልደርስም ዛሬ። እንዴት ናችሁ?»

«ሞጌ» አለችው፤ «ቂም የያዘ ሰው ጽዋ ይጠጣል?»

«ከማን ተጣላሽ ደግሞ? ከእማማ ነው?»

«አይ። እንዲያው ነው።»

«እንዲያው ከሆነማ ተመስገን ብለሽ ጠጪ እንጂ፣ ምን...» ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስልኩን ከትታ ዳቦውን እንደታቀፈች ገባች።

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ መጡ። ሳሎኑ ትንሽ ነው፤ የስፌት መኪናው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ አግዳሚ ከጎረቤት ተውሶ፣ ሣር ተጎዝጉዞ እንደ ምንም በቃ። የማኅበሩ ካህን መምሬ አዳነ ከሥዕሉ ሥር ተቀመጡ። መምሬ አዳነ ሲናገሩ ዝግ ይላሉ፤ ሰው ቃላቸውን እስኪጨርሱ መጠበቅ አቅቶት ሌላ ወሬ ሲጀምር አይቆጡም። የጤፍ ዋጋ ተወራ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳትመረቅ ስለተዳረች ልጅ ተወራ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከዳቦው አጠገብ ተቀምጧል። ፈንታነሽ አየችው፣ ከዚያ ሌላ ነገር ለማየት ሞከረች፣ ተመልሳ እሱኑ አየችው። እማማ ብርነሽ ጆግ ይዘው ከጓዳው በር ቆመዋል። መምሬ ጸሎቱን አደረሱ። እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ተነሱ።

«እኅቶቼ፣ የተቀያየመ አለ?»

«የለም፤ በእመቤታችን ቸርነት...»

«አለ።»

ሴቶቹ «ሰላም ነን» የምትለውን ሳይጨርሷት ቀሩ። እትዬ ጌጤ ዘወር ዘወር አሉ።

«ማነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ፈንታነሽ።

ሁሉም ወደ ጓዳው በር አዩ። ምራት ከአማት ጋር መጣላቷ አዲስ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ጉልበት ይሳማል፣ ይመረቃል፣ ይበላል። እትዬ ጌጤም ፊታቸው ፈታ አለ። «በይ ከእማማሽ ጋር ከሆነ ዛሬ የእመቤታችን ቀን ነው፣ ተነሺና...»

«ከእማማ ጋር አይደለም። ከእመቤታችን ጋር ነው።»

አንዲት ሴት በስመ አብ ብላ አማተበች። ሌላዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የእትዬ ጌጤ ከንፈር ነጣ።

«አፍሽ ቁርጥ ይበል! ይህ ቃል የተነገረበት ቤት ጽዋ አይጠጣም። መምሬ፣ ይነሱልን። እሷም ከዛሬ ጀምሮ ማኅበሩን ትሰናበት።»

መምሬ አዳነ አልተነሱም። «እትዬ ጌጤ፣ ሥርዓቱ ምን ይላል?» አሉ ዝግ ብለው።

«የተቀያየመ ሳይታረቅ አይጠጣም ይላል።»

«ከማን ጋር የተቀያየመ ብሎ ለይቷል?»

እትዬ ጌጤ አሰቡ። «መለየቱንስ አልለየም።»

«እንግዲያው ይታረቁ።»

«መምሬ! ከእመቤታችን ጋር?»

«እኔ አንድ እርቅ ነው የማውቅ። ቅር ያለው ይናገራል፣ የተወቀሰው ይሰማል፣ ሽማግሌ መሃል ይቀመጣል። ፈንታነሽ፣ ለእኛ አይደለም፤ ተነሽና ለእሷ ንገሪያት።»

ፈንታነሽ ተነሳች። ግድግዳው ላይ ያለው የእመቤታችን ሥዕል በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ ከነሐሴ ወዲህ በእጇ ገልጣው አታውቅም። ገለጠችው። እናት ልጇን ታቅፋ ዝቅ ብላ ታያለች። ፈንታነሽ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ቀሚሷን ጨበጠች።

«እመቤቴ» አለች፤ «ተስማምተን ነበር። ልጅ ስጪኝ፣ ክርስትና በምትነሳበት ቀን ጃንጥላሽን ይዤ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አንቺ ሰጠሽኝ፣ እኔ ሰፋሁ። ቀኑን የከለከልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላዘገየሁም። ጃንጥላሽ ከጥግ ቆሞ ልጄ በዝናብ ወጣች። አንቺ ልጅሽ ሲሞት አጠገቡ ቆመሽ ነበር፤ እኔ በመስኮት ነው ያየሁ። ይህንንስ ይሁን ብዬ ነበር። ስሟ ነው ያቃተኝ። የሞተ ሰው የሚታሰብ በክርስትና ስሙ ነው፣ የእኔ ልጅ የክርስትና ስም የላትም። ማን ብዬ ልጥራልሽ? ስጦታ ብልሽ ታውቂያታለሽ? ተመስገን እያልኩ የከረምኩት ውሸቴን ነው። አላመሰገንኩም። ተናድጄብሻለሁ።» ቀሚሷን ለቃ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች። «ያን ዕለትስ አንድ ቄስ ብትተይልኝ ምን ነበረበት? ትኩሳቷ ሲበረታ መምሬ ይምጡና ቶሎ ትጠመቅ ብዬ እማማን ልኬ ነበር። መምሬ ገጠር ሄደዋል ብለው ተመለሱ፤ አንቺ ነሽ ገጠር የሰደድሽብኝ። በፍልሰታ፣ በራስሽ ጾም፣ አንድ ቄስ ነፈግሽኝ። በዚህ ነው የተቀየምኩሽ።»

መምሬ አዳነ ቀና አሉ። «እኔን? በፍልሰታ?» ብለው ጀመሩና ቃላቸውን ዋጡት።

ቢውጡትም ሁሉም ሰምቷል። በፍልሰታ በየቀኑ ቅዳሴ ነው። በፍልሰታ ካህን ደብሩን ጥሎ ገጠር አይወጣም፤ ይህን ለመቁረብ ነጠላ ለብሶ የሚሰለፍ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ፈንታነሽም ታውቀዋለች፤ ያን ዕለት ግን የታመመች ልጅ ታቅፋ የዕለቱን ስም የምትቆጥርበት ልብ አልነበራትም፣ ከዚያ ወዲህም ነገሩን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። አሁን ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰማችው። ቀስ ብላ ወደ ጓዳው በር ዞረች።

እማማ ብርነሽ ጆጉን መሬት አስቀመጡ።

«ፈንታ» አሉ፤ «እሷን ተያት። ተከሳሿ እሷ አይደለችም።»

ጓዳ ገቡ። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ድንጋይ ክዳን ላይ ሲንሸራተት ተሰማ፣ የሚያቃስት ትንፋሽ ተሰማ። ሲወጡ መጁን ማጅራታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ጎብጠው ነበር። ለይቅርታ ድንጋይ የሚሸከም ሰው በከተማው ከጠፋ ቆይቷል፤ አማት ለምራት ስትሸከም ደግሞ ያየ ሰው በቤቱ አልነበረም። ከፈንታነሽ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«መምሬ እዚሁ ነበሩ» አሉ ከድንጋዩ ሥር። «ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ከበሩ ድረስ ሂጄ ተመለስኩ። ቄስ ከጠራሁ ሞትን የጠራሁት መሰለኝ። ነገ ይሻላታል፣ ሰማንያዋ ሲደርስ በእልልታ ትጠመቃለች እንጂ እንደ ሟች በጓዳ አትጠመቅም አልኩ። አልነጋላትም። ከዚያ ወዲያ አፌ አልታዘዘኝም። ጭራሽ ዛሬ ጠዋት ስለቷን አዘገየች ብዬ የእኔን በደል ለአንቺ ሰጠሁት። በጸሎቴ ስሟን የማልጠራት ረስቻት አይደለም። በየትኛው አፌ ልጥራት?»

ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ ፈጥኖ ማውረድ ነው። ፈንታነሽ ግን አልተነቃነቀችም። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ፤ አንዷ «ኧረ አውርጂላቸው» አለች። አላወረደችም። ጠልታቸዋለች። በዚያች ሰዓት ከልቧ ጠልታቸዋለች፣ ድንጋዩ ሲያንስ ነው።

«ስም ይኖራት ነበር» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«ወለተ እገሊት ብዬ እጠራት ነበር።»

«አዎ። ያጣሽው በእኔ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄን ሞገስን ይዘሽብኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ... እኔም አያቷ ነበርኩ።»

የአሮጊቷ ክርን ይንቀጠቀጣል። አንገታቸው ላይ የደም ሥራቸው ተገትሯል፣ ከመጁ ላይ የደረቀ የብቅል ዱቄት ነጠላቸው ላይ ተራግፏል። ፈንታነሽ ይህን ድንጋይ ጠዋት ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበርና ክብደቱን ታውቀዋለች። ያን ቀን ከማርያም በር የተመለሱትን ሴትዮ አሰበች፤ ባዶ እጃቸውን፣ በዝናብ፣ ውሸቱን እያጠኑ። ጎንበስ አለችና መጁን በሁለት እጇ አንስታ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እሷም እዚያው ተቀመጠች። እማማ ብርነሽ እጇን ፈልገው ያዙት። ፈንታነሽ አልነጠቀቻቸውም። የፍልሰታው እንባ ያኔ መጣ፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሳታፍር አለቀሰች።

ልቅሶው ጋብ ሲል እትዬ ጌጤ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ ሙሴነታቸው ግን ሳይለቃቸው፣ «እንግዲህ ታርቃችኋል ወይስ አልታረቃችሁም? ጽዋው እኮ...» አሉ።

«እትዬ ጌጤ፣ ሁሉን ይቅር ብያለሁ ብል ዋሽቼ ነው» አለች ፈንታነሽ። «ቂሙ ወጥቶልኛል። ሕመሙ ግን አለ።»

«መምሬ?» አሉ እትዬ ጌጤ።

«ሥርዓቱ ቂምን ነው የሚከለክል» አሉ መምሬ አዳነ። «ሕመምን ከከለከለማ ከእናንተ ማን ይጠጣል?»

«ከእመቤታችንስ ጋር?»

ፈንታነሽ ወደ ሥዕሉ አየች። መጋረጃው እንደተገለጠ ነው። «ከእሷ ጋር ገና እናወራለን» አለች። «ጃንጥላውን ዛሬ አልሰጥም። አልጨረስንም።»

መምሬ ተነሱ። ጽዋው ሊከፈት ሲል እንደ ልማዱ እያንዳንዷ የሙታኖቿን ስም ትጠራለች። እትዬ ጌጤ የባላቸውን ጠሩ። ሌሎቹም ተራ በተራ ጠሩ፤ ኃይለ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን። የእማማ ብርነሽ ተራ ደረሰ። የባላቸውን የክርስትና ስም ጠሩ። ቀጥለውም፣ እንዲሰማ አድርገው፣ «ስጦታን» አሉ።

«ያልተጠመቀች...» ብለው ጀመሩ እትዬ ጌጤ።

«ፍትሐት አልፈታሁም» አሉ መምሬ፤ «አያቷ ስትጠራት ሰማሁ። እመቤታችንም ሰምታለች። ቀጥሉ።»

ቀጣይዋ ብዙነሽ ነበረች። የእናቷን ስም ጠራች፤ ከዚያ ጠዋት እንዳደረገችው አፏን ከፍታ ቆመች። ይህን ጊዜ አልዘጋችውም። «የእኔዋ ስም የላትም» አለች። «ሳትወለድ ነው የሞተችው። ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። እንዲያው የብዙነሽ ልጅ ይበሉልኝ።»

መምሬ አዳነ ዓይናቸውን ጨፍነው ስሞቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገሙ፤ ስጦታንም፣ የብዙነሽን ልጅም። ፈንታነሽ የልጇን ስም በሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ከነሐሴ ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ በእርግጥ እንደነበረች፣ በዚህች ምድር ላይ ስሟ የሚጠራ ሰው እንደነበረች፣ አሁን ቤት ሙሉ ምስክር አላት።

ጽዋው ዞሮ እጇ ገባ። ሁሉም ያያታል፤ እትዬ ጌጤ ጉሮሮዋን ነው የሚያዩት። ተጎነጨች። ዋጠች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ያዙ።

ፈንታነሽ ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ» አለች፤ «ጌሾው በዝቷል።»

እማማ ብርነሽ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አዎ» አሉ፤ «መሮ ነው የወጣው። ጠዋትም አውቄው ነበር።»